ጆሮው ለሚጮኽበት ሰው በሕሊና ሥዕል ማረፍ ከእውነት መሸሽ ነውን?

የሰው ልጅ ከውጭ የሚመጣበትን ጩኸት የሚከላከልበት ልዩ ልዩ መንገድ አለው። በሩን ይዘጋል፤ መስኮቱን ይደፍናል፤ ይህም ባይኾንለት ስፍራውን ለቅቆ ይሄዳል። ጩኸቱ ከገዛ ጆሮው ውስጥ የሚነሣበት ሰው ግን የሚዘጋው በር፥ የሚሸሽበትም ስፍራ የለውም። ወደ ገጠር ቢወጣ አብሮት ይወጣል፤ ወደ መኝታው ቢገባ አብሮት ይገባል፤ ይልቁንም ሌላው ሰው ኹሉ ዝም ባለበት በመንፈቀ ሌሊት እርሱ ብቻውን ይሰማዋል። አንዱን እንደ ፉጨት፥ አንዱን እንደ ንብ ድምፅ፥ ሌላውንም እንደሚፈላ ጀበና ጭው ይልበታል። አጠገቡ የተኛው ሰው ምንም ስለማይሰማ፥ ሕመምተኛው የሚናገረውን የሚያምንለት እንኳ ጥቂት ነው።

ለእንዲህ ያለው ሰው ሐኪሞችና የሥነ ልቡና ዐዋቂዎች ከሚሰጡት ምክር አንዱ፥ ጭንቀቱ በበረታ ጊዜ ዐይኑን ጨፍኖ፥ ትንፋሹን አርግቶ፥ በዓይነ ሕሊናው አንድ የሚወደውን ጸጥ ያለ ስፍራ እንዲሥልና በዚያ ጥቂት እንዲቈይ ነው። ምክሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጡ ከባድ ጥያቄ አለ። ወንዝ በሌለበት ወንዝ፥ ጥላ በሌለበት ጥላ እያሰቡ መጽናናት ራስን ማታለል አይደለምን? መከራን በትዕግሥት መቀበል ይሻላልን ወይስ በምናብ ከእርሱ መሰወር? ይህን ጥያቄ ከመመለሳችን በፊት የነገሩን ጠባይ ጥቂት እንመርምር።

በውስጠኛው የጆሮ ክፍል፥ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት በተጠማዘዘው ስፍራ፥ በእያንዳንዱ ጆሮ ዐሥራ አምስት ሺህ ያህል ጠጕር የመሰሉ ደቃቅ ሕዋሳት ይገኛሉ። ድምፅ ሲመጣ እነዚህ ሕዋሳት እየተንቀሳቀሱ መልእክቱን በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ያደርሱታል። በሰው ጆሮ እነዚህ ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከሞቱ ዳግመኛ አይበቅሉም። ከጆሮ የሚደርሰው መልእክት ባነሰ ጊዜ አንጎል ልክ እንደ ራዲዮ ባለቤት የድምፁን መጠን ከፍ ያደርጋል፤ ጣቢያው ደካማ ሲኾን ራዲዮኑ እንደሚያፏጭ፥ እንደዚሁ ከውጭ ያልመጣ ድምፅ ይሰማል። የዘመኑ ሊቃውንት የብዙውን የጆሮ ጩኸት መነሻ የሚያስረዱት በዚህ ዐይነት ነው።

የሕዋሳቱም መጐዳት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ እርጅና ነው። አንዱ ብርቱ ጩኸት ነው፤ በወታደር ቤት የተኵስ ድምፅ፥ በወፍጮ ቤት የሞተር ድምፅ፥ በአዲስ አበባም በመርካቶ ምናለሽ ተራ ቀኑን ሙሉ በመዶሻ ብረት የሚቀጠቅጡትን ሰዎች ጆሮ ይህ ያሠጋል። አንዳንድ መድኃኒትም ምክንያት ይኾናል፤ የወባ መድኃኒት የኾነው ኪኒን ጆሮን ጭው እንደሚያደርግ የታወቀ ነው፤ በቀድሞ ዘመን ለሳንባ ነቀርሳ በብዛት ይሰጥ የነበረው የስትሬፕቶማይሲን መርፌም የብዙ ሰው ጆሮ ጐድቷል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የጆሮ ኵክ መጠራቀም ብቻ ይኾናል፤ ይኸውም ሲጠረግ ይቀራል።

ሕመሙ የጥቂቶች አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2022 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ኹሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ከብዙ አገሮች የተሰበሰበውን ጥናት አንድ ላይ የመረመሩ ሊቃውንት፥ ከመቶ ዐዋቂ ሰዎች ዐሥራ አራት የሚያህሉት የጆሮ ጩኸት እንዳለባቸው፥ ከመቶ ከኹለት የሚበልጡትም በብርቱ እንደሚታመሙበት ገልጠዋል። ታላቁ የሙዚቃ ሊቅ ቤትሆቨን በ1801 ዓ.ም. ለሐኪም ወዳጁ ለቬገለር በጻፈው ደብዳቤ ጆሮው ቀንና ሌሊት እንደሚጮኽበት፥ ስለዚህም ከሰው ማኅበር መራቁን አስታውቋል።

አሁን ለክርክራችን መሠረት የሚኾን አንድ ነገር እናምጣ። በ1953 ዓ.ም. ሄለርና በርግማን የተባሉ ኹለት አሜሪካውያን መርማሪዎች፥ ጆሯቸው ደኅና የኾነ ሰማንያ ሰዎችን ድምፅ ፈጽሞ በማይገባበት ክፍል ውስጥ አስቀምጠው የሚሰሙትን እንዲናገሩ ጠየቋቸው። ከመቶ ዘጠና አራቱ አንድ ዐይነት ድምፅ ሰማን አሉ፤ ከእነርሱም መካከል በጆሮ ጩኸት እታመማለሁ የሚል አልነበረም። ከዚህ የምንረዳው ፍጹም ጸጥታ የምንለው ነገር በጤነኛው ሰው ጆሮ እንኳ እምብዛም እንደማይገኝ ነው። ደግሞም በሕመምተኞች ላይ የተደረገው ምርመራ እንደሚያሳየው፥ የድምፁ መጠን ሲለካ ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ነው፤ የጭንቀቱም ብርታት ከድምፁ መጠን ጋር እኩል አይሄድም። አንዱ ብርቱ ድምፅ እየሰማ ሥራውን ይሠራል፤ ሌላው ደካማ ድምፅ እየሰማ እንቅልፍ ያጣል።

ልዩነቱ ከየት መጣ? በ1984 ዓ.ም. ሃላምና ባልንጀሮቹ፥ በ1990 ዓ.ም. ደግሞ ያስትሬቦፍ የተባለው ሊቅ፥ ልዩነቱ አንጎል ለድምፁ በሚሰጠው ትርጕም ላይ መኾኑን ጽፈዋል። የሰው አንጎል የማያስፈራውን ድምፅ እየተለማመደ ይተወዋል፤ በወንዝ ዳር ያደገ ሰው የወንዙን ድምፅ ልብ እንደማይለው ነው። የሚያስፈራውን ድምፅ ግን ሌሊትም ቢኾን ይጠብቀዋል። ሰውየው ድምፁን ይፈራዋል፤ ስለሚፈራውም ያዳምጠዋል፤ ስለሚያዳምጠውም ጐልቶ ይሰማዋል፤ ጐልቶ ስለ ተሰማውም ፍርሀቱ ይጨምራል። ክፉው አዙሪት ይህ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በሕሊና ሥዕል መጽናናት ራስን ማታለል ነው የሚለው ሰው አንድ ነገር ዘንግቷል፤ ይኸውም የሚጨነቀው ሰው ቀድሞውንም በሕሊና ሥዕል ውስጥ የሚኖር መኾኑን ነው። በሌሊት ተቀምጦ የሚያስበውን እንመልከት። ነገ እንቅልፍ አጥቼ ከሥራዬ እባረራለሁ ይላል፤ ድምፁ እየበረታ ሄዶ አእምሮዬን ያስተኛል፥ እብድ እኾናለሁ ይላል፤ ቤተ ሰቤ ይሰለቸኛል ይላል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ በዚያች ሰዓት የለም። ያለው ነገር አንድ ቀጭን ድምፅ ብቻ ነው፤ የቀረው ኹሉ ፍርሀት በዓይነ ሕሊናው ላይ የሣለው ነው። ስለዚህ ጥያቄው የሕሊና ሥዕል ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ሊኾን አይችልም። ሥዕሉ አስቀድሞ ተሥሏል። ጥያቄው ሠዓሊው ማን ይኹን፥ ፍርሀት ወይስ ሰውየው ራሱ? የሚል ነው።

ኹለተኛም ውሸትና ሥዕል የተለያዩ ነገሮች መኾናቸውን ማስተዋል ይገባናል። የሚዋሽ ሰው የሌለውን ነገር አለ ብሎ ያስረግጣል፤ የሚሰማውም እንዲያምነው ይፈልጋል። የሚሥል ሰው ግን ምንም ነገር አያስረግጥም። ዘር የሚዘራ ገበሬ ገና በጥቁር አፈር ላይ ቆሞ በዓይነ ሕሊናው የሚወዛወዝ እህል ያያል፤ ቤት የሚሠራ ሰው መሠረቱን ሳይቈፍር ጣራውን ያያል፤ በሰው አገር ያለ ስደተኛ የእናቱን ደጅ ያያል። እነዚህን ሰዎች ዋሾዎች ናችሁ የሚላቸው የለም። እንደዚሁ ጆሮው የሚጮኽበት ሰው በሕሊናው የወንዝ ዳር ሲሥል «ጆሮዬ አይጮኽም» አላለም። ጆሮው እንደሚጮኽ ዐውቆ፥ ነገር ግን በዓለም ላይ ያለው ነገር ጩኸቱ ብቻ አለመኾኑን ለራሱ አሳሰበ። ይህም እውነት ነው፤ ፍርሀት የሣለው ሥዕል ከሚናገረው ይልቅ የበለጠ እውነት ነው።

ምናልባት ሌላ ሰው ተነሥቶ፥ ጀግና ሰው መከራውን ፊት ለፊት ይጋፈጠዋል እንጂ ዐይኑን ጨፍኖ ወንዝ አያልምም ይል ይኾናል። በርግጥ ትዕግሥት የከበረ ነገር ነው። ነገር ግን ከሕሊና ጋር የሚደረግ ትግል ከባላጋራ ጋር እንደሚደረግ ትግል አይደለም። በ1987 ዓ.ም. ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና መምህር ከባልንጀሮቹ ጋር ኾኖ ሰዎችን ስለ አንድ ነጭ ድብ ለአምስት ደቂቃ እንዳያስቡ አዘዛቸው፤ ሐሳቡ በመጣባቸውም ቍጥር ደወል እንዲደውሉ ነገራቸው። ድቡን እናባርራለን ባሉ መጠን ደወሉ ደጋግሞ ጮኸ፤ በኋላም ስለ ድቡ እንዲያስቡ በተፈቀደላቸው ጊዜ፥ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከተፈቀደላቸው ሰዎች ይልቅ አብዝተው አሰቡት። ጆሮውን «ዝም በል!» እያለ የሚያዝ ሰው ዕጣም ይኸው ነው። የሚጋፈጠው መስሎት ይቀልበዋል።

እንግዲህ የሕሊናው ሥዕል ድምፁን ለመግደል የሚመዘዝ ሰይፍ ሊኾን አይገባውም። እንደዚያ ከኾነ ሰውየው በየደቂቃው «ድምፁ ጠፋን?» እያለ ራሱን ይጠይቃል፤ መጠየቁም ራሱ ማዳመጥ ነው። ሥዕሉ ለድምፁም ስፍራ የሚሰጥ ሰፊ ቤት ሊኾን ይገባል። ጠባብ በኾነ ጓዳ ውስጥ የሚያለቅስ ሕፃን ኹሉን ይሸፍናል፤ በሰፊ ሜዳ ላይ ግን ያው ልቅሶ ከብዙ ድምፆች አንዱ ይኾናል።

ከቤተ ክርስቲያን ወገን ደግሞ የሚቀርብ ጥያቄ አለ። አበው በጸሎት ጊዜ ከሕሊና ሥዕል እንድንጠነቀቅ ያስተምሩናል። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሓ የኖረውና በ399 ዓ.ም. ያረፈው ኤዋግሪዮስ፥ የሚጸልይ ሰው ለአምላክ መልክና ቅርጽ እየሠራ ልቡናውን እንዳያስት አጥብቆ መክሯል። መጽሐፈ መነኮሳትን፥ ማለት ማር ይስሐቅን፥ ፊልክስዩስንና አረጋዊ መንፈሳዊን የሚያነብ ሰውም ስለ ሐሳብ ጥበቃ ብዙ ትምህርት ያገኛል። ታዲያ ሥዕልን ማስወገድ የሚገባ ከኾነ፥ ሥዕልን መጥራት እንዴት ይገባል? መልሱ እንዲህ ነው፤ አበው የከለከሉት በምናብ የተሣለውን ነገር የአምላክ መገለጥ አድርጎ መቀበልን ነው። እኛ የምንናገርለት ግን ራእይ አይደለም፤ ጸሎትም አይደለም። የደከመ ሰው ጀርባውን እንደሚያሳርፍበት መደብ፥ የደከመ ሕሊና የሚያርፍበት ምንጣፍ ነው። መደብን መቅደስ ነው የሚል የለም፤ በመደብ ላይ መተኛትም ኀጢአት አይደለም። ልዩነቱን ዐውቆ የሚጠቀም ሰው አይስትም።

አሠራሩን ደግሞ በአጭሩ እናመልክት። ሰውየው ዐውሎ ሲነሣ መጠለያ እንደማይሠራ ኹሉ፥ ጭንቀቱ በበረታበት ሰዓት ብቻ ሊጀምረው አይገባም፤ ልቡ ባልታወከበት በቀን ጊዜ፥ ዕለት ዕለት ዐሥር ደቂቃ ያህል ይለማመደው። ተቀምጦ ወይም ተጋድሞ ትከሻውንና መንጋጋውን ያላላ፤ አየር ከሚያስገባበት ጊዜ ይልቅ የሚያስወጣበትን ጊዜ ያርዝም። ከዚያም በእውነት የሚያውቀውን አንድ ስፍራ ይምረጥ፤ ለምሳሌ በልጅነቱ ያረፈበትን የደብር ዐጸድ፥ በጽዱና በወይራው ጥላ ሥር። ወደዚያ ስፍራ በአንድ ጊዜ አይግባ፤ በሕዋሳቱ በር አንድ በአንድ ይግባ። አስቀድሞ ብርሃኑን ይመልከት፤ ቀጥሎ የአፈሩን ቅዝቃዜ በእግሩ ይንካ፤ ቀጥሎ የቅጠሉን መዓዛ ያሽትት፤ በመጨረሻም በእዝነ ሕሊናው የዚያን ስፍራ ድምፅ ይስማ። በዚህ ጊዜ ለጆሮው ጩኸት የሚመሳሰል ድምፅ ያለበትን ስፍራ መምረጥ ይረዳዋል፤ በቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርድ ዝናብ፥ በድንጋይ መካከል የሚሮጥ ውሃ፥ በክረምት ማታ በሣር ውስጥ የሚጮኹ ነፍሳት። ሐሳቡ ተመልሶ ወደ ጆሮው በሄደ ጊዜ አይቈጣ፤ መቶ ጊዜ ቢሄድ መቶ ጊዜ በርጋታ ይመልሰው። ፍጹም ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ መተኛትም አይበጀውም፤ ዝቅ ያለ የራዲዮ ድምፅ ወይም ሌላ ለስላሳ ድምፅ በአጠገቡ ቢኖር ይቀለዋል።

የዚህንም ምክር ድንበር መናገር ይገባናል። የሕሊና ሥዕል የሞቱትን የጆሮ ሕዋሳት አያስነሣም፤ ጩኸቱንም አያጠፋም። የሚያቀልለው በጩኸቱ ላይ የተጫነውን ጭንቀት ነው። ብቻውን ከሚኾን ይልቅ፥ ሐሳብንና ልማድን የሚያስተካክለው የሥነ ልቡና ሕክምና ክፍል ኾኖ ሲሠራበት ይሻላል፤ በ2014 ዓ.ም. የአሜሪካ የጆሮ፥ የአፍንጫና የጕሮሮ ሐኪሞች ማኅበር ባወጣው መመሪያ ለሚታወኩ ሕመምተኞች ይህ ሕክምና እንዲሰጥ መክሮ፥ ጊንኮ የተባለውን ቅጠል የመሳሰሉትን ግን በመድኃኒትነት እንዳይታዘዙ ከልክሏል። ስለዚህ ጆሮህን በአንድ ብልቃጥ አድንልሃለሁ እያለ ገንዘብ የሚሰበስበውን ሰው አንመን። ደግሞም ሰው ኹሉ በዓይነ ሕሊናው ማየት አይችልም። እንግሊዛዊው ጋልተን በ1880 ዓ.ም. ሰዎች የቍርስ ገበታቸውን በሕሊናቸው እንዲያዩ ጠይቆ፥ አንዳንዶቹ ምንም እንደማያዩ ነግረውታል፤ ለዚህም ጠባይ በ2015 ዓ.ም. ዜማን የተባለ ሐኪም ከባልንጀሮቹ ጋር ኾኖ ስም አውጥቶለታል። እንዲህ ያለ ሰው ጐደለኝ ብሎ አይዘን፤ በመዳሰስ፥ በትንፋሽ፥ ወይም አንድን ሥራ በእጁ በመሥራት ያንኑ ዕረፍት ሊያገኝ ይችላል።

ከኹሉም አስቀድሞ ግን ሐኪም ማየት ይገባል። ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ከኾነ፥ ከልብ ትርታ ጋር የሚመታ ከኾነ፥ ወይም ከራስ መዞር ጋር ከመጣ መመርመር ያስፈልገዋል፤ የጆሮ መስማት በድንገት ከጠፋ ደግሞ ቀን ሳይሰጡ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ከዚህም የተነሣ መሸሽ የሚባለውን ነገር አሁን በግልጥ ለመናገር እንችላለን። ወደ ሐኪም እንዳይሄድ፥ ልጆቹን እንዳያይ፥ ሥራውን እንዳይሠራ በምናቡ ውስጥ የሚሸሸግ ሰው በእውነት ሸሽቷል። ዐሥር ደቂቃ በሕሊናው ዛፍ ጥላ ዐርፎ ወደ ልጆቹ፥ ወደ ሥራው፥ ወደ ጸሎቱ የሚመለስ ሰው ግን አልሸሸም፤ ለመንገዱ ስንቅ ያዘ እንጂ። የሕሊና ሥዕል በጎነት ወይም ክፋት የሚፈተነው በዚህ ነው፤ ሰውን ወደ ግዳጁ ይመልሰዋልን ወይስ ከግዳጁ ይወስደዋል?

ቤትሆቨን በ1802 ዓ.ም. ሐኪሙ መክሮት በሃይሊገንሽታት መንደር ሳለ፥ ከተስፋ መቍረጥ የተነሣ ሕይወቱን ለማጥፋት አስቦ እንደ ነበረ፥ ነገር ግን ሊሠራው የሚገባው ሥራ እንደ ከለከለው ለወንድሞቹ በጻፈው ቃል ገልጧል። ከስድስት ዓመት በኋላ፥ በ1808 ዓ.ም.፥ የገጠርን ሕይወት የሚያሳየውን ስድስተኛውን ሲምፎኒ ለሕዝብ አሰማ፤ ኹለተኛው ክፍሉም በወንዝ ዳር ያለውን ስፍራ የሚያሰማ ነው። ለጆሮው መድኃኒት ይኾነኛል ብሎ ጻፈው አንልም። ነገር ግን በውጭ ጆሮው ላይ ጩኸት የሠለጠነበት ሰው በእዝነ ሕሊናው የወንዝ ድምፅ ሰምቶ ለሌላው ሰው እንዳካፈለ በዚህ ሥራ እናያለን።

የቀረን ስለ ባልንጀራ ግዳጅ መናገር ነው። የግሪኩ ፈላስፋ ኤፒክጤጦስ ሰውን የሚያውከው ነገሩ ራሱ ሳይኾን ስለ ነገሩ ያለው ፍርድ እንደ ኾነ አስተምሯል። ትምህርቱ ለራሳችን ስንነግረው መድኃኒት ነው፤ ለታመመ ሰው እንደ ወቀሳ ስንወረውረው ግን ድንጋይ ይኾናል። «ዝም ብለህ ተወው፤ የሐሳብህ ነው» የሚል ቃል እስከ ዛሬ አንድ ጆሮ እንኳ ጸጥ አላደረገም። ይልቅስ «እኔ ባልሰማውም አንተ እንደምትሰማው ዐምናለሁ» ብለን አብረን እንቀመጥ። በእንቅልፍ ማጣትና በተስፋ መቍረጥ ብዛት ሞትን እስከ መመኘት የደረሰ ወንድም ቢኖር፥ ለአንዲት ሌሊት እንኳ ብቻውን አንተወው፤ ወደ ሐኪምም እናድርሰው። ጸጥታውን ያጣ ሰው ልክ እንደ ዘመድ ሞት የሚያዝንበት ነገር አለው፤ ስለዚህ ማዘኑን አንከልክለው።

ካዘነም በኋላ፥ ሲፈልገው የኖረው ሰላምና ያጣው ጸጥታ አንድ አለመኾናቸውን ቀስ በቀስ ያውቅ ዘንድ እንርዳው። በወፍጮ ድምፅ መካከል ልጇን በጀርባዋ አዝላ የምታስተኛ እናት አለች፤ ሕፃኑም ይተኛል። ድምፁ ስለ ቆመ አይደለም፤ በማን ጀርባ ላይ እንዳለ ስለሚያውቅ ነው።